ከአንድ ጠጅ ቤት ሁለት ዓይነት እንግዳ ለምን ይወጣል?

በላሊበላ ለጠጅ ቤት ባለቤቶች፣ ለጠጅ ጣዮች፣ ለአዝማሪዎችና ለአስጎብኚዎች የተዘጋጀ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፤ ጠጅ ጥላችሁ ልጅ ያሳደጋችሁ እናቶቼ፤ ማሲንቆ ይዛችሁ የመጣችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ የሙያ ባልደረቦቼ አስጎብኚዎች፤

ደንበኞች ስለ ጠጅ ቤቶቻችን ስለሚሉት ነገር እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ቢባልም፣ የዛሬው ጉዳይ ጠጁ ራሱ ስለሆነ ምሳሌውን ትቼ በቀጥታ እናገራለሁ።

በአስጎብኚነት ሥራዬ ከእንግዶች ጋር ወደ ቤቶቻችሁ ስገባና ስወጣ የምሰማው አስተያየት ሁለት መልክ አለው። አንዱ እንግዳ፣ አሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ተሳልሞም ሆነ ጎብኝቶ ሲያበቃ፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያመሸበትን ሰዓት ደጋግሞ ያነሣል። ሌላው ደግሞ በዚያው ቤት፣ ምናልባትም በዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ጠጁ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ እንደሆነበት፣ ሒሳቡ እንዳስደነገጠው፣ ዳግመኛም እንደማይመለስ ይናገራል። ባለቤቶች ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ጨዋ፣ ሁለተኛውን ነገረኛ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን ሁለቱም እውነታቸውን ነው ባይ ነኝ። የአስተያየቱ ልዩነት ከእንግዶቹ ጠባይ የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የምንቀዳላቸው ምን እንደሆነ አስቀድመን ስለማንነግራቸው ነው።

ከምስጋናው ልጀምር። እንግዳው ጠጅ ቤትን የሚያመሰግነው ቤቱ ስላማረ አይደለም። ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ አግዳሚው የሻከረ፣ መብራቱ የደበዘዘ ቤት፣ ባለ ብዙ ክፍል ሆቴል ያላገኘውን ምስጋና ሲያገኝ በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። ጠጅ ቤት ሰውን ለብቻው አያስቀምጥም። ቅዳሜ ገበያ ውሎ ወደ ቀዬው የሚመለስ ገበሬ፣ ደመወዝ የደረሰለት መምህርና ከሩቅ አገር የመጣ ጎብኚ ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው ይቀመጣሉ፤ ዘግይቶ የገባ ሰው ቢኖር ቀድመው የተቀመጡት ጠጋ ጠጋ ይሉለታል እንጂ ቆሞ አይቀርም። በአንድ ምሽት አሳላፊዋ ብርሌውን ከማቀበሏ በፊት ከጠጁ ጥቂት በመዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ፉት ስትል ያየ እንግዳ ለምን እንዲህ እንዳደረገች ጠየቀኝ። ቀድሞ በነገሥታቱና በመኳንንቱ ቤት መጠጡ ለጠጪው የማይጎዳ መሆኑን ለማረጋገጥ ይደረግ የነበረ ልማድ መሆኑን ስነግረው፣ እንደ መኰንን መቆጠሩ አስደስቶት ሲስቅ አመሸ። ያ ሰው ስለ ጠጁ ጣዕም አንድም ቃል አልተናገረም፤ ስለ መዳፏ ግን እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ አወራልኝ።

አሁን ወደ ጠጁ ልምጣ። ጠጅ እንዴት እንደሚጣል ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ፣ ማሩ በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ተበጥብጦ፣ ጌሾው ገብቶ፣ ተከድኖ፣ ተጠልሎ እስኪቀርብ ድረስ ያለውን ድካም የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ደንበኛው ግን ይህን አያውቅም። ጠጅ ከፋብሪካ እንደሚወጣ ቢራ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሚሆን ይመስለዋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስላለች፣ በክረምቱ ብርድ ጠጁ ሳይደርስ ብዙ ቀን ይቆያል፤ በበጋ ግን ቶሎ ይደርሳል፣ ቶሎም ይደርቃል። ሐሙስ ለስላሳ ጠጅ ቀምሶ ያደነቀ እንግዳ እሑድ ጓደኞቹን አስከትሎ ሲመለስ ያንኑ ጣዕም ያጣዋል፤ ያው ጠጅ በሦስት ቀን ውስጥ ማሩ ተበልቶ ደረቅ ሆኗልና። እንግዳው አታለሉኝ ብሎ ይወጣል። ባለቤቷ ደግሞ ደረቁን ይበልጥ ለሚወዱ ለነባር ደንበኞቿ እየቀዳች ስለሆነ ቅሬታው ከየት እንደመጣ አይገባትም። አሳላፊዋ ብርሌውን ስታቀርብ «ዛሬ ያለን ደረቅ ነው፤ ለስላሳው ከነገ ወዲያ ይደርሳል» ብትል ኖሮ ቅሬታው ከመነሻው አይኖርም ነበር።

ወቅቱም እንዲሁ ነው። በደጋው አገር ዋናው ማር የሚቆረጠው በጥቅምትና በኅዳር ስለሆነ፣ ለገና የሚመጣው ምእመን የሚቀምሰው የአዲስ ማር ጠጅ ነው፤ ወደ አገሩ ተመልሶ የሚያወራውም ይህንኑ ነው። የእርሱን ወሬ ሰምቶ ነሐሴ ላይ የሚመጣው ሰው የሚደርሰው ማር ከገበያ በጠፋበት ወይም ዋጋው በናረበት ጊዜ ነው። በዐቢይ ጾም ደግሞ ብዙ ሰው መጠጥ ስለሚቀንስ ጠጁ ከጋኑ ሳይወጣ ይከርምና ይኮመጥጣል። ይህ ሁሉ የተፈጥሮና የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ስለሆነ ማንንም አያስወቅስም።

የሚያስወቅሰው ሌላ ነገር ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ እንደሆነች፣ ከማሩም ብዙው ለጠጅ እንደሚውል ሁላችንም እናውቃለን፤ የላስታ ነጭ ማር ደግሞ ስሙ ከአገር አገር የሚነሣ ነው። ሆኖም ማር ሲወደድ በማሩ ቦታ ስኳር እየገባ፣ የማር መልክ እንዲኖረውም ቢጫ የምግብ ቀለም እየተጨመረበት የሚሸጥ ጠጅ አለ። (ስኳሩም ቢሆን በወረፋና በኮታ የሚገኝበት ጊዜ መኖሩን አልዘነጋሁትም።) እዚህ ላይ አቋሜ በግልጽ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። የማር ጠጅ ዋጋ ለማይደርስበት ገበሬ ስኳር የገባበትን ጠጅ በቅናሽ የምትሸጥ እናት ምንም አላጠፋችም፤ ያ ገበሬም የሚጠጣውን ያውቃል፣ የከፈለውም በዚያው ልክ ነው። ጥፋቱ የስኳሩን ጠጅ የማር ነው ብሎ በማር ዋጋ መሸጥ ነው። ልደቱ ላይ ንቦች ከበቡት ተብሎ በገድሉ በሚተረክለት ንጉሥ ስም በምትጠራ ከተማ ውስጥ ማር ያልነካውን ጠጅ የማር ነው ብሎ ማቅረብ ለእኔ ከነውርም የባሰ ነው።

ይህን ነገር ማን ያውቅብናል የሚል ሰው ካለ፣ ከውጭ አገር የሚመጡ ወገኖቻችንን ያስታውስ። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ጌሾ ከአገር ቤት አስልከው፣ ማር ከመደብር ገዝተው ጠጅ በየቤታቸው ይጥላሉ። ከእነዚህ አንዱ የአባቱን አገር ጠጅ ሊቀምስ በአንድ ቤት ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ሳለ፣ ብርሌውን ወደ አምፖሉ አንሥቶ ጥቂት አየው፤ አንድ ጊዜ ፉት አለ፤ ከዚያም ብርሌውን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሒሳቡን ከነጉርሻው ከፍሎ ወጣ። አልተቆጣም፣ አልተሳደበም። እንዲህ ያለው ደንበኛ ቅሬታውን ለባለቤቷ አይነግራትም፤ ለሌሎች ግን ይነግራል። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ የሚባለው በዚህ ዓይነቱ ሰው ላይ ይደርሳል። የውጭ አገር ጎብኚው ደግሞ የማሩን ጠጅ ከስኳሩ የሚለይበት ልምድ ስለሌለው ቤቱን አይወቅስም፤ ጠጅ የሚባለውን መጠጥ በሙሉ ይጠላዋል። ይህም ኪሳራ በአንድ ቤት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። እያንዳንዱ ጠጅ ቤት በበሩ ወይም በግድግዳው ላይ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ የማር ጠጅ ይህን ያህል፣ ስኳር የገባበት ይህን ያህል፣ ብርዝ ይህን ያህል ብሎ ይጻፍ፤ የዕለቱ ጠጅ ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይም ደረቅ መሆኑም ይገለጽ። አሳላፊዋ በመዳፏ ፉት የምትለውን ልማድም ለእንግዳው እናሻግርለት፤ ሙሉ ብርሌ ከማዘዙ በፊት በትንሽ ብርጭቆ ቀምሶ ይምረጥ። ለዚህ የሚወጣው ጠጅ ጥቂት ነው።

ስለ አዝማሪዎቻችንም የሚሰማው አስተያየት የተደበላለቀ ነው። አዝማሪ የሌለበትን ጠጅ ቤት እንግዳው ባዶ አድርጎ ያየዋል፤ ከታዳሚው «ተቀበል!» ተብሎ የሚወረወረውን ስንኝ በማሲንቆው አንሥቶ በዜማ ሲመልሰው፣ ቋንቋውን የማይሰማው እንኳ ከሣቁ ጋር አብሮ ይሥቃል። ችግሩ የሚጀምረው የሚሣቀው በራሱ ላይ እንደሆነ ሲገባው ነው። በአገራችን አዝማሪ ንጉሥንም ቢሆን የመሸንቆጥ ነጻነት የነበረው ባለሙያ ነው፤ ይህን ነጻነት ማንም እንዲነፍገው አልሻም። ነገር ግን አገሬው ሲሸነቆጥ መልስ የመስጠት ዕድል አለው፤ እንግዳው የለውም። አስጎብኚው አጠገቡ ተቀምጦ ስንኙን ቢተረጉምለት አብዛኛው እንግዳ ራሱ እንደሚሥቅ አይቻለሁ። ገንዘብ በአዝማሪው ግንባር ላይ እስኪለጥፍ ድረስ ከፊቱ አለመነሣት ግን ሽልማቱን ወደ ግብር ይለውጠዋል፤ ይህ ነገር ቢቀር ይሻላል።

ከዚህ ይልቅ ሰፋ አድርጌ ላነሣው የምፈልገው የሴት ደንበኞችን ጉዳይ ነው። ጠጁን የምትጥለው ሴት ናት፤ ቤቱን የምታስተዳድረው፣ ሒሳቡን የምትይዘው፣ የሰከረውን አባብላ የምትሸኘው ሴት ናት። ይሁንና ከገበያ ደክሟት የገባች ሴት ብርሌ ይዛ ብትቀመጥ የቤቱ ዓይን ሁሉ እርሷ ላይ ይተከላል። አንዲት በሙያዋ የተከበረች የከተማችን ነዋሪ ጠጅ የምትጠጣው ከውጭ አገር እንግዶች ጋር ስትመጣ ብቻ እንደሆነ ነግራኛለች፤ ያኔ እንደ አስተናጋጅ ስለምትታይ ማንም አይተቻትም። እንዲህ ያለ ደንበኛ ብዙ ይኖራል፤ ወደ ቤቱ ስለማይገባ ግን ቅሬታውን የሚሰማ የለም። መብራቱን ማጠንከር፣ መጸዳጃውን መለየትና በውስጥ የሚቀረቀር መዝጊያ ማድረግ፣ ተንኳሽን ደንበኛ በግልጽ መገሠጽ በባለቤቷ እጅ ያለ ነገር ነው።

ስለ ዋጋ አጠር አድርጌ ልናገር። ለፈረንጅ አንድ፣ ለአገሬው ሌላ ዋጋ መጥራት የታወቀ ነው፤ ከዚያ ላይ አንዳንድ አስጎብኚ ደንበኛ ስላመጣ የሚቀበለው ኮሚሽን በሒሳቡ ላይ ይደመራል። እንግዳውም ቁጥሩን ያያል እንጂ ምክንያቱን አያይም። የባሰ የሚከፋኝ ግን የጎብኚ ቡድን ሲገባ ነባሩን ደንበኛ ከአግዳሚው ማስነሣት ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በኮሮና፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ምክንያት እንግዳ ከከተማችን በጠፋ ጊዜ እነዚህን ቤቶች ያቆያቸው ያ ከአግዳሚው የሚነሣው ሰው ነው። እንግዳውም ቢሆን የመጣው ከእርሱ ጋር ሊቀመጥ ነው፤ እርሱን አስነሥተን እንግዳውን ከሌሎች እንግዶች ጋር ካስቀመጥነው፣ ያንን የመሰለ ቦታ በአገሩም ያገኘዋል።

ንጽሕናን በተመለከተ ከሁሉ በላይ የሚነሣው የብርሌው እጥበት ነው። የብርሌ አንገት ጣት እንጂ እጅ አያስገባም፤ በአንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማለቅለቅ ብቻውን አይበቃውም። ረጅም ብሩሽ፣ ሙቅ ውሃና ሳሙና ያስፈልገዋል፤ ደንበኛው በሚያየው ቦታ ቢታጠብ ደግሞ ያለ ማስታወቂያ ይታመናል። ሕጉም መታወስ አለበት፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥም ሆነ በዝግ ቤት ውስጥ ማጨስ የተከለከለ ነው። ጢሱን ሸሽተው የሚወጡ ደንበኞች ብዙ ናቸው።

ለገና እንግዶች ከመድረሳቸው በፊት የጠጁ ዓይነትና ዋጋ የተጻፈበት ሰሌዳ በየቤቱ እንዲሰቀል ብንስማማ ደስ ይለኛል። ሰሌዳው ላይ የሚሰፍረውን ዋጋ ግን እኔ ልወስነው አልችልም። አንድ ኪሎ ማር ዛሬ በሚገዛበት ዋጋ፣ ያለ ምንም ስኳር የተጣለ ጠጅ በብርሌ ስንት ቢሸጥ ለጠጅ ጣይዋ ያዋጣታል? ይህን ከእናንተ ከባለሙያዎቹ ልንሰማ ስለሆነ የተሰበሰብነው፣ መድረኩን ለእናቶቼ እለቃለሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።