ኢባናችሁን ስትልኩልኝ
(በፍራንክፈርት ለእቁብ አባላት የተደረገ ንግግር)

ወገኖቼ፣ እንደምን አመሻችሁ! ቡናው እስኪፈላ አስር ደቂቃ ተሰጥቶኛል። የእቁቡ ፀሐፊ ስለሆንኩ ስለ ገንዘብ ባወራ አይፈረድብኝም።

ከሦስት ዓመት በፊት እጣ ለወጣላት ፀሐይ 2,000 ዩሮ ላክሁ። ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ የለም። ለካ ስልኬ ላይ ሁለት ፀሐዮች አሉ፤ የገለበጥኩት የሌላዋን ኢባን፣ ማለትም ዓለም አቀፍ የባንክ ሂሳብ ቁጥሯን ነው። ባንክ ሄጄ አቤት ብል «ቁጥሩ ትክክል ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቁጥሩማ ትክክል ነበር። ደግነቱ ገንዘቡ ከእቁባችን አልወጣም፣ በማግስቱ መለሰችልኝ።

እስቲ ካርዳችሁን አውጡና እዩት። የጀርመን ኢባን ፊደሉም ቁጥሩም ተደምሮ 22 ነው። ዴ እና ኤ የአገሩ ምልክት ናቸው። ቀጥለው ያሉት 8 ቁጥሮች… ይቅርታ፣ መጀመሪያ ሁለት አሉ፣ የዛሬው ጉዳዬ እነሱ ናቸው። ከነሱ በኋላ 8ቱ ባንኩን፣ የመጨረሻዎቹ 10 ሂሳባችሁን ያሳያሉ። ርዝመቱ እንደየአገሩ ነው፤ የኖርዌይ 15፣ የማልታ 31።

ሁለቱ ቁጥሮች ዘበኛ ናቸው። ኮምፒውተሩ ፊደሎቹን ወደ ቁጥር ይለውጥና ሁሉንም አጋጥሞ ለ97 ያካፍላል። ቀሪው 1 ካልሆነ አይቀበልም። 6 ልትነኩ 9 ብትነኩ፣ ወይም ሁለት ጎረቤት ቁጥሮች ቢቀያየሩባችሁ ይይዛችኋል። የእኔን ጥፋት ግን በምን ይያዘው? እኔ እኮ የተሳሳትኩት ቁጥር የለም። የተሳሳትኩት ሰው ነው። ያኔ ደግሞ ባንኩ ስም አያስተያይም ነበር።

አሁን ያስተያያል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 9 ቀን 2025 ጀምሮ ዩሮ በሚጠቀሙ አገሮች ያሉ ባንኮች ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ስሙና ኢባኑ መግጠማቸውን መናገር አለባቸው። ባንኩ «አይገጥምም» ብሏችሁ እያለ ከላካችሁ ጣጣው የራሳችሁ ነው። በተለይ «የሂሳብ ቁጥራችን ተቀይሯል» የሚል የኪራይ ኢሜይል ሲመጣላችሁ ቆም በሉ። በምታውቁት ስልክ ደውሉ።

የእኛ ሰው ችግር ታዲያ ስሙ ላይ ነው። አንዷ ፀሐይ መጨረሻውን በዋይ ትጽፈዋለች፣ ሌላዋ በአይ። አንዱን ባንክ የሚያውቀው በአባቱ ስም ነው፣ ሌላውን በአያቱ፤ እኛ ደግሞ ከነጭራሹ በቁልምጫው። ባንኩ «ለመግጠም ተቃርቧል» ብሎ ትክክለኛውን ስም ሊያሳያችሁ ይችላል። ያኔ አትደንግጡ፣ አንብቡት።

ሌላም አለ። አሠሪያችሁ «የጀርመን ኢባን ካልሆነ ደሞዝ አልከፍልም» ካለ፣ እሱ ነው ጥፋተኛው። የሊትዌኒያም ሆነ የኔዘርላንድ ኢባን በዩሮ ክፍያ እኩል ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ይላል።

አዲስ አበባ ላለች እናታችሁ ስትልኩ ግን ኢባን አትፈልጉ። ኢትዮጵያ ኢባን አትጠቀምም። የሚያስፈልገው የባንኩ ስዊፍት ኮድ፣ ማለትም ባንኩን በዓለም አቀፍ ዝውውር የሚለየው ምልክት፣ እና የሂሳብ ቁጥሩ ነው፤ የንግድ ባንክ ከሆነ በ1000 የሚጀምረው 13 አሃዝ። ፎርሙ ኢባን ካልሞላችሁ ብሎ ከተሟገተ፣ የተሳሳተ ፎርም ከፍታችኋል።

ቡናው ሸተተኝ። ዛሬ ማታ ሁላችሁም ኢባናችሁንና ባንካችሁ የጻፈውን ስም ከነፊደሉ ላኩልኝ። በፎቶ አይሁን፣ በጽሑፍ፤ እንድገለብጠው። ሁለቱ ፀሐዮች ደግሞ የአባታችሁን ስም እንዳትረሱ።