ሐጅ ከጎረቤት በር ይጀምራል

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ የዘንድሮ ሁጃጆች፣ እንኳን ደስ አላችሁ! ቪዛው ወጥቷል፣ ሻንጣው ተሸክፏል። እኔ ግን የማወራችሁ ስለ ሌላ ስንቅ ነው።

እናቴ ለሐጅ ልትሄድ ሳምንት ሲቀራት ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞረች። ሙስሊም ክርስቲያን አልለየችም። "አፉ በሉኝ" ትላለች። ጉሊት ሽንኩርት የምትቸረችር ሴት ዘንድ ስትደርስ ከመቀነቷ 12 ብር ፈታ አወጣች። የዱቤ ዕዳ ነው። ሴትየዋ ጭራሽ ረስታዋለች፤ አልቀበልም አለች። እናቴ ብሩን መዳፏ ላይ አስቀምጣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈችላት። "ይሄን ተሸክሜ ካዕባ ፊት አልቆምም" አለቻት።

ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ አልገባኝም። ቁርኣን በሱረቱ አሊ ዒምራን ሐጅን ግዴታ ያደረገው መሄድ በቻለ ሰው ላይ ነው። ዑለማዎች "መቻል"ን ሲያብራሩ የቲኬት ገንዘብ ብቻ አይሉም። ጤና አለበት፣ የመንገድ ሰላም አለበት። ዕዳ ተከፍሎ፣ ለቤተሰብም ቀለብ ተትቶ የሚተርፍ መሆን አለበት። ስለዚህ ተበድሮ ሐጂ ለመባል የሚጨነቅ ወንድም ካለ፣ አላህ ያልጫነበትን አይሸከም። አቅም አጥቶ የቀረ ሰው ዲኑ አልጎደለም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐጅ ግዴታ መሆኑን ሲናገሩ አንድ ሰው "በየዓመቱ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ዝም አሉት። ሦስት ጊዜ ደጋገመው። አዎ ቢሉ ኖሮ ግዴታ እንደሚሆን፣ ሰዉም እንደማይችለው ነገሩት። እሳቸውም ከሂጅራ በኋላ ሐጅ ያደረጉት አንዴ ብቻ ነው፣ በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ።

ከሐጅ ሥራ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ከመካ ወጣ ብሎ ባለው በዐረፋ ሜዳ ላይ መቆም ነው። በሐጅ ወር፣ ዙልሒጃ 9 ቀን፣ እዚያ ሜዳ ላይ ጠዋፍ፣ ማለትም ካዕባን መዞር፣ የለም፣ የሚወረወር ጠጠር የለም። ሰው ቆሞ እጁን ዘርግቶ ምሕረት ይለምናል፣ በቃ። ግን ነቢዩ "ሐጅ ዐረፋ ነው" ብለዋል፤ ዐረፋ ያመለጠው ሐጁ አመለጠው። ታዲያ የሰው ሐቅ የያዘ እጅ እንዴት ብሎ ይዘረጋል? አላህ የራሱን ይምራል፤ የጎረቤቴን ሐቅ ግን ጎረቤቴ ነው አፉ የሚለኝ።

ገና ቀናት አሉ። ያኮረፋችሁት ወንድም ካለ ዛሬ ማታ ደውሉለት። የእህታችሁን የውርስ ድርሻ የያዛችሁ፣ ሳትሳፈሩ መልሱላት። ዐረፋ ላይ ስትቆሙም እየተመኙ ያልሞላላቸውን እናቶቻችንን በየስማቸው እየጠራችሁ ዱዓ አድርጉላቸው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።