ጋሻ ላይ ጋሻ

ክቡራትና ክቡራን፣ የጨዋታ መሪዎች፣ ሕግ አርቃቂዎች፣ ዳይስ ሲንከባለል ሌሊቱን የምታነጉ ወዳጆች፤

የተሰጠኝ ርእስ «የመከላከያ ድግምቶችን ማመጣጠን» ይላል፤ በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ በዳይስ በምንጫወተው የምናብ ጨዋታ ውስጥ ማለት ነው። ሰፊ ነው። የሌላውን ድግምት ስለሚሰርዘው ካውንተርስፔል፣ የደጋሚውን ምስል ስለሚያባዛው ሚረር ኢሜጅ፣ ቆዳን እንደ ድንጋይ ስለሚያጠነክረው ስቶንስኪን እንዳወራ ይጠበቅብኛል፤ ሰዓቱ ከፈቀደ እነካካቸዋለሁ። የመጣሁት ግን ስለ አንድ የአንደኛ ደረጃ ድግምት ልናገር ነው፤ ስለ ሺልድ። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል በሺልድ ያልተማረረ የጨዋታ መሪ ካለ እጁን ያውጣ። አየሁ፣ የለም። ምሬቱ እውነት ነው፤ የምናራግፈው ግን የማይገባው ሰው ላይ ነው።

ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቢሆንም ልድገመው። በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አምስተኛ እትም፣ በ2014ቱ ሕግ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው)፣ ሺልድ በሪአክሽን፣ ማለትም በሌላው ተራ መሃል በሚሰጥ ቅጽበታዊ አጸፋ፣ የሚደገም ነው። ጥቃት ሲያርፍበት ደጋሚው ኤሲውን፣ አጥቂው ሊደርስበት የሚገባውን የመከላከያ ቁጥር፣ በ5 ከፍ ያደርጋል። ጭማሪው ያንኑ ያረፈውን ጥቃት ያካትታል፤ እስከሚቀጥለው ተራው መጀመሪያም አብሮት ይቆያል። የማይስተውን የአስማት ፍላጻ፣ ማጂክ ሚሳይልን፣ ደግሞ ጨርሶ ያግዳል። ዋጋው አንድ የአንደኛ ደረጃ ስሎት (ድግምት በተደገመ ቁጥር የሚወጣ፣ በቁጥር የተወሰነ የመድገም ዕድል) እና የዚያ ዙር ሪአክሽን ነው።

«አምስት በዛ፣ ወደ ሦስት ይውረድ» የሚል ድምፅ ሁልጊዜ እሰማለሁ። አምስቱ አልበዛም። ችግሩ የሚደመርበት ቦታ ነው።

እንቁጠረው። በሃያ ጎን ዳይስ ላይ አንዷ የኤሲ ነጥብ 5 በመቶ ናት፤ ስለዚህ +5 ለሁሉም እኩል 25 በመቶ ይመስላል። አጥቂ ዳይሱ ላይ የወጣለትን ከመምቻ ጭማሪው ጋር ደምሮ ኤሲውን ከደረሰ ይመታል። አሁን +7 ይዞ የሚመታ ጭራቅ አምጡ። በሜጅ አርመር፣ በአስማት ጥሩር ድግምት፣ ኤሲው 15 የሆነውን አስማተኛ ዳይሱ 8 ወይም ከዚያ በላይ ሲወጣ ያገኘዋል፤ 65 በመቶ ማለት ነው። ሺልድ ሲደግም 40 ይሆናል። ከሚደርስበት ምት ከሲሶ ጥቂት የሚበልጠው ቀረለት። ቀጥሎ ፕሌት፣ ሙሉ የብረት ጥሩር፣ ለብሶ በእጁ ጋሻ የያዘው ኤሲ 20 አለ። ያለ ሺልድ 40 በመቶ፣ በሺልድ 15። ከግማሽ በላይ ቀረለት። ኤሲውን በአስማት ዕቃ 24 ያደረሰውስ? ከ20 በመቶ ወደ 5 ይወርዳል፤ ሃያ ካልወጣ በቀር አይነካም። እርቃኑን ለቆመው ሲሶ፣ በብረት ለተሸፈነው ሦስት አራተኛ! ላለው ይጨመርለታል የሚባለው ይኸው ነው።

ይህ ግን ገና መነሻው ነው። የሚያስቆጣኝ እኛ የምንወስደው እርምጃ ነው።

አንድ ጠረጴዛ እናስብ። ቡድኑ ዘጠነኛ ደረጃ ደርሷል። ፊት ለፊት ፋየር ጃይንት የሚባል ግዙፍ ጭራቅ ቆሟል፤ +11 ይመታል፣ በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ ሰይፉን ይሰነዝራል፣ እያንዳንዱ ምት 6 ባለስድስት ጎን ዳይስ ሲደመር 7፣ በአማካይ 28 ጉዳት ነው። ፊት ላይ ያለው ኤልድሪች ናይት፣ ድግምት የሚያውቅ ተዋጊ፣ ፕሌት ለብሷል፣ ጋሻ ይዟል፣ የመከላከል የውጊያ ስልት መርጧል፤ ኤሲው 21። ሺልድ ሲደግም 26 ይሆንና ጃይንቱ የሚያገኘው 30 በመቶ ብቻ ነው። ከኋላ አስማተኛዋ አለች፤ 56 ሂት ፖይንት (የሕይወት ነጥብ)፣ ኤሲ 15፣ ሺልድ ስትደግም 20። ጃይንቱ እሷን በ60 በመቶ ያገኛታል። ሁለቱም ምት የሚያርፍባት ዕድል 36 በመቶ ነው። ሁለት አማካይ ምት ደግሞ 56 ነው፤ ልክ የያዘችውን ያህል።

የጨዋታ መሪው ሦስት ዙር ሙሉ ናይቱን ሳይነካው ይቀራል። ይናደዳል። በሚቀጥለው ሳምንት ጃይንቱን +16 አድርጎት ይመጣል። አሁን ናይቱ ሺልድ ቢደግምም በ55 በመቶ ያገኘዋል። መሪው ደስ ብሎት እጁን ያሻሻል። እስቲ ወደ አስማተኛዋ ዞር በሉ። ያለ ሺልድ 95 በመቶ፣ በሺልድ 85። ለእርሷ የተጻፈው ድግምት አሥር በመቶ ብቻ ሆኖ ቀረ! ሁለቱም ምት አርፎባት የመውደቋ ዕድል ከ36 ወደ 72 በመቶ ወጣ፤ እጥፍ። ምን አጠፋች? ናይቱ የሠራውን ጥፋት እርሷ ከፈለች። ናይቱም ቢሆን ሕጉ የፈቀደለትን ነው ያደረገው። የጭራቅን የመምታት ቁጥር መቆለል ሚዛን ማስጠበቅ አይደለም፤ ጎረቤትን መቅጣት ነው! ይህን ያደረግን ሁሉ፣ እና አብዛኞቻችን አድርገናል፣ ቁጥሩን ዛሬውኑ እንመልሰው።

ደግሞ ይህ አዲስ ችግር መስሎ መቅረቡ ይገርማል። በዚሁ ጨዋታ በ2003ቱ የ3.5 እትም ሕግ ሺልድ +4 ነበር፤ ዓይነቱ ግን የጋሻ ጭማሪ ስለነበር በእጅ ከተያዘ ጋሻ ጋር አይደመርም፣ ትልቁ ብቻ ይቆጠራል። ሜጅ አርመርም እንዲሁ ከለበሱት ጥሩር ጋር አይደመርም ነበር። አምስተኛው እትም የሂሳብ ጣጣ ለመቀነስ ሲል እነዚህን የጭማሪ ዓይነቶች አነሳቸው፤ ልጓሙም አብሮ ወለቀ። በ2019 የወጣው የፓዝፋይንደር፣ የሌላ ተመሳሳይ ጨዋታ፣ ሁለተኛ እትም ሌላ መንገድ ሄደ፤ ሺልድ +1 ብቻ ይሰጣል፣ ምት ሊመክት ይችላል፣ ከመከተ በኋላ ግን ለ10 ደቂቃ አይደገምም።

ታዲያ እንዴት ይስተካከል? መደመሩን ትተን ወለል እናብጅ። «ሺልድ ሲደገም ኤሲ ከ20 በታች ከሆነ 20 ይሆናል» በሉ። አስማተኛዋ 15 ነበረች፣ 20 ሆነች፤ ምንም አልተነካባትም። ፕሌት ለብሶ ባለሁለት እጅ ሰይፍ የያዘው ከ18 ወደ 20 ይወጣል። ባለ 21ዱ ምንም አያገኝም፤ ድሮም አያስፈልገውም ነበር። በከፍተኛ ደረጃ ወለሉ እንዳይረክስ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ የስሎት ደረጃ አንድ ጨምሩበት፤ በሦስተኛ ደረጃ ስሎት 22 ይሆናል። ግንብ ወይም ዛፍ የሚሰጠው የከለላ ጭማሪ ከወለሉ በላይ ይደመር፤ የቆሙበት ቦታ እንጂ ድግምቱ የሰጠው አይደለምና። የዚህ ሕግ ጉዳቱ ቅልጥፍናው ከፍ ያለ አስማተኛ ላይ ነው፤ በሜጅ አርመር 18 ከደረሰ የሚያገኘው 2 ብቻ ነው። እኔ ይህን እቀበላለሁ። የማይቀበል «ጥሩር ያልለበሰ ብቻ ይደግመዋል» ይበል፤ ቀላል ነው፣ ግን ኤልድሪች ናይትን ከድግምቱ ጨርሶ ያባርረዋል።

ሕግ ከመቀየራችን በፊት ደግሞ ያለውን እናክብር። ሺልድ የእጅ እንቅስቃሴ ይፈልጋል። በአንድ እጁ ሰይፍ በሌላው ጋሻ የያዘ፣ ዋር ካስተር የሚባለውን ችሎታ ካልወሰደ፣ ሊደግመው አይችልም። ስንቱ ጠረጴዛ ላይ ነው ይህ የሚጠየቀው?

ሌላው የዳይስ ቁጥር ነው። መሪው ኤሲው 15 የሆነውን ተጫዋች «ተደምሮ 19 ወጣ፣ ይመታሃል?» ብሎ ከጠየቀ ተጫዋቹ ሺልድ እንደሚያድነው ቀድሞ ያውቃል፤ ስሎቱ በከንቱ አይጠፋም። «መታህ» ብቻ ካለ ግን ቁማር ነው። በኤሲ 15ና በ+7ቱ ምሳሌ ከሚመቱት 13 ቁጥሮች ሺልድ የሚመልሰው አምስቱን ነው፤ ስምንቱ ቢደገምም ያርፋሉ። ያው ድግምት በሁለት ጠረጴዛ ሁለት ዋጋ አለው። ዘመቻው ሳይጀመር አንዱን መርጣችሁ ተናገሩ። እኔ «መታህ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ንጹሕ ሃያ ሲወጣ ብቻ ይነገረው፣ ያኔ ሺልድ ምንም አያደርግምና።

ሰዓቱ እያለቀ ነው፤ የቀሩትን ልሩጥባቸው። ካውንተርስፔል በ2014ቱ ሕግ እስከ ሦስተኛ ደረጃ ያለውን ድግምት ያለ ዳይስ ይሰርዝ ነበር፤ በ2024ቱ የተሰረዘበት ሰው ኮንስቲትዩሽን ሴቭ፣ በአካል ጽናቱ ለመቋቋም የሚጣል ዳይስ፣ ይጥላል፣ ቢወድቅም ስሎቱ አይጠፋበትም። አዲሱን ውሰዱ። ስቶንስኪን 100 ወርቅ የሚያወጣ የአልማዝ ዱቄት ይበላል፣ በዚያ ላይ ኮንሰንትሬሽን፣ በአንድ ጊዜ ለአንድ ድግምት ብቻ የሚበቃውን ትኩረት፣ ይይዛል፤ አንዱን አንሱለት፣ ሁለቱም በዝቶበታል። ሚረር ኢሜጅ ኮንሰንትሬሽን አይፈልግም፤ ደጋሚውን ከሚያደበዝዘው ብለር ጋር አብሮ ሲመጣ ጭራቁን ሁሉ ባዶ አየር ያስመታል፣ ተዘጋጁበት። ጊዜያዊ ሂት ፖይንት አይደመርም፤ ትልቁን መርጦ ትንሹን መጣል ነው። ይህን በየስብሰባው እየተጠየቅኩ ስለሆነ ከጥያቄ ሰዓቱ አስቀድሜ መለስኩት።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ +16 ጃይንት ያላችሁ ግን መጀመሪያ ወረቀቱን አርሙ።