የብረቱ በር ተከፈተ፤ የቤቱስ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ከእስር ስለወጣ ሰው፣ ስለ ሱስ፣ ከሱሱ ሥር ስላለው ቁስል፣ ደግሞም እምነት እዚያ መሃል ምን እንደሚሠራ።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12ን ታስታውሱታላችሁ? ጴጥሮስ ታስሯል። አራት አራት ሆነው በተመደቡ አራት ቡድን ወታደሮች ይጠበቃል። ሌሊት መልአኩ መጣ፣ ሰንሰለቱ ከእጁ ወደቀ። ወደ ከተማ የሚያወጣው የብረት በር ማንም ሳይነካው ተከፈተ። ከዚያ ጴጥሮስ የት ሄደ? የማርቆስ እናት የማርያም ቤት። እዚያ ምእመናን ተሰብስበው እየጸለዩ ነው። አንኳኳ። ሮዴ የምትባል ልጅ ድምፁን ለየችው፤ ከደስታዋ ብዛት ግን ሳትከፍትለት ልትናገር ወደ ውስጥ ሮጠች። ውስጥ ያሉት «አብደሻል» አሏት። ሲጸልዩለት ያመሹት ሰው ደጃቸው ቆሟል፤ እነሱ ግን አላመኑም።

ታስሬ እያለሁ ይህን ምዕራፍ ሳነብ ልቤ ሁሌም የብረቱ በር ላይ ነበር። የቤቱ በር ትርጉሙ የገባኝ ከወጣሁ በኋላ ነው። የእስር ቤቱ በር ቀኑ ሲደርስ ይከፈታል። የሰው በር ግን ማንኳኳት ይጠይቃል። ጴጥሮስን እዩት፤ አልከፈቱልኝም ብሎ አልሄደም። እስኪከፍቱለት አንኳኳ።

ስለ ቁስሉ ላውራ። ብዙዎቻችን ጋ ሱሱ መነሻው አይደለም። ልጅ ሆኜ፣ ቤት ውስጥ ድምፅ ከፍ ሲል የምደበቅበት ጥግ ነበረኝ። ዝርዝሩን አልነግራችሁም፤ የእኔ ብቻ ታሪክ ስላልሆነ። መጠጥን ሳውቀው ግን መጀመሪያ የሰጠኝ ደስታ አልነበረም፤ ጸጥታ ነው። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ጩኸት ዝም አለልኝ። ለዚያ ጸጥታ ብዬ ነው ሌላውን ሁሉ ያጣሁት።

በ1998 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። ከ9,500 የሚበልጡ አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠየቁ። ድብደባ፣ የወሲብ ጥቃት፣ እናት ስትመታ ማየት፣ ቤት ውስጥ ጠጪ ወይም ዕፅ ተጠቃሚ መኖሩን የመሳሰለ። ከእነዚህ አራትና ከዚያ በላይ የደረሰባቸው ሰዎች፣ ምንም ካልደረሰባቸው ጋር ሲተያዩ፣ ለመጠጥና ለዕፅ ሱስ፣ ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ ያላቸው ተጋላጭነት ከ4 እስከ 12 እጥፍ ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ ደግሞ «ቤታችሁ ውስጥ የታሰረ ሰው ነበር ወይ?» የሚል ነው። እሱ ላይ ስደርስ ልጄን አሰብኩ። ማንበቡን አቁሜ ጸለይኩ።

አንዳንድ ወንድሞች «በክርስቶስ አሮጌው ነገር አልፏል፣ ለምን ወደ ኋላ ታያለህ?» ይሉኛል። ቃሉን አምነዋለሁ፤ ሕይወቴ የቆመው በእሱ ላይ ነው። ግን ቁልፍ ሲንቃጨል ሰውነቴ አሁንም ይበረግጋል። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም። ጌታ ከሞት ተነሥቶ ለቶማስ ሲታየው እጁ ላይ የምስማሩ ምልክት ነበረ። አልደበቀውም፤ ጣትህን አምጣ አለው። ስለዚህ እኔም ቁስሌን ስለማሳየት ሳፍር እሱን አስባለሁ።

እዚህ ጋ ነው እምነት ለእኔ የሠራው። ለእግዚአብሔር መንገር ቀሎኝ ነበር፤ ማታ ማታ አልቅሼ ነግሬዋለሁ። ያስፈራኝ ለሰው መንገር ነው። ያዕቆብ ግን «እርስ በርሳችሁ ተናዘዙ» ይላል፤ መፈወስንም ከዚያው ጋር ያያይዘዋል። በ1935 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአልኮል ሱሰኞች የመረዳጃ ማኅበርም መነሻው አንድ የክርስቲያኖች እንቅስቃሴ ነበር። ከአሥራ ሁለቱ እርምጃዎቹ አምስተኛው ጥፋትህን ለእግዚአብሔር፣ ለራስህና ለአንድ ሌላ ሰው ንገር ይላል። ለአንድ ሰው።

እኔ ለአንድ ትልቅ ሰው ነገርኩ፤ አብረን የምናመልክ አባት ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሬ ሁሉንም። ጥቅስ ይጠቅሱልኛል ብዬ ስጠብቅ ዝም ብለው አዳመጡኝ። ስጨርስ «ልጄ፣ ነገ ስንት ሰዓት ልደውልልህ?» አሉኝ። ደወሉ። በማግስቱም ደወሉ። መጠጣት ባማረኝ ሰዓት እኔም ለእሳቸው መደወል ጀመርኩ። የተከፈተልኝ በር እሱ ነው።

አሁን የምናገረው የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ በደንብ ስሙኝ። አንድ ሰው ከእስር ሲወጣ በጣም አደገኛው ጊዜ መጀመሪያው ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ የዋሽንግተን ግዛት ጥናት አለ። በተፈቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሞት አደጋቸው ከሌላው ሕዝብ ወደ 13 እጥፍ ይጠጋ ነበር፤ ከመጠን በላይ በወሰዱት ዕፅ መሞት ደግሞ 129 እጥፍ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እስር ቤት ውስጥ ሳይወስድ ሲቆይ ሰውነቱ የለመደውን መጠን መቋቋም ያቆማል። ሲወጣ በድሮው ልክ ይወስዳል፤ ይሞታል።

መጠጥ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊመጣበት ይችላል፤ ሊገድለውም ይችላል። ስለዚህ «ጸልይና ዛሬውኑ ተው» አትበሉት። ጸልዩለት፣ ሐኪም ቤትም አብራችሁት ሂዱ። መድኃኒት የሚወስደውንም «እምነት የለህም» አትበሉት። ይህ አባባል ስንቱን ከቤተ ክርስቲያን አባሯል።

ሌላም አለ። ከእስር የወጣን ሰው በሳምንቱ መድረክ ላይ አውጥታችሁ አታስመስክሩት። ደስታችሁ ይገባኛል፤ እንደ ሮዴ ነው። ግን ከጭብጨባው በኋላ ማታ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነው። ቢወድቅ ደግሞ ያጨበጨቡለትን ሰዎች ዓይን መጋፈጥ ስለሚያፍር ይጠፋል። መጀመሪያ ቤታችሁ አስገቡት። ሥራ ሲፈልግ ስለ እሱ አንድ ቃል ተናገሩለት። ምስክርነቱ ይደርሳል።

በዚህ ሳምንት የወደቅክ ወንድሜ፣ የወደቅሽ እህቴ፣ ይህን ጨርሳችሁ ስትሰሙ ለአንድ ሰው ደውሉ። ያ ሰው ካላነሣ ለሌላ ደውሉ። የሚሉት ቢጠፋችሁ «ወድቄያለሁ፣ ብቻዬን ልሆን አልፈልግም» በሉ፤ ይበቃል።

በልጅነቴ የጎዳኝን ሰው ይቅር ስለማለት ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። ገና እየተማርኩት ነው፤ በሚቀጥለው ክፍል እስካለሁበት ድረስ እነግራችኋለሁ። ጌታ ይባርካችሁ።