ቁጥር 3 ነፃ ወጣ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ባልደረቦቼ፣ ልጆች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ባለፈው ወር 40 የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን ይዘን አንድ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ሄደን ነበር። ቀኑን ሙሉ የወንጀል ምርመራ ሳይንስ ሲሞክሩ ዋሉ። የባዮሎጂ መምህራቸው ነኝና ያየሁትን ልንገራችሁ።

ለልምምድ የተሰጣቸው ታሪክ እንዲህ ነው። ከቢሮ ቁልፍ ጠፍቷል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ቀርቷል። ተጠርጣሪዎቹ 4 ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው የጣት አሻራ ቁጥር ባለው ካርድ ላይ አለ።

ጣት የነካው ብርጭቆ ላይ ላብና ቅባት ይቀራል። ደቃቅ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት በለስላሳ ብሩሽ ሲያስነኩት እዚያ ላይ ይይዛል፤ አሻራው ብቅ ይላል። ከዚያ በፕላስተር አንስቶ ነጭ ካርድ ላይ መለጠፍ ነው። ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያው ቡድን ግን ብሩሹን ጫን አደረገና አሻራውን ጠርጎ አጠፋው። ማስረጃው ዓይናቸው እያየ ሄደ። ሁሉም ጸጥ አሉ። ከዚያ በኋላ እጃቸው እንዴት እንደረጋ ብታዩ!

ሁለተኛው አሻራ ወጣ። ግማሹ ብቻ ነው። ልጆቹ ግን ገና ሳያስተያዩት «ቁጥር 3 ነው» ብለው ጨርሰዋል። ለምን ስላቸው «ሁኔታው ያስታውቃል» አሉኝ።

አንዲት ተማሪ አለች፤ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም። ማጉያ መነጽሩን ይዛ ብዙ ቆየች። «ቲቸር፣ ይሄ መስመር እዚህ ጋ ለሁለት ይከፈላል። የቁጥር 3 ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው» አለች። አየሁት። እውነቷን ነው። ቁጥር 3 ነፃ ወጣ።

ያኔ ሌባሻይ ትዝ አለኝ። ድሮ በአገራችን ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል። ልጁ ደንዝዞ ይሮጣል። የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ስንት ንጹሕ ሰው እንደተቀጣ እግዜር ይወቀው።

እንግሊዝ ውስጥም የሆነውን ነገርኳቸው። አሌክ ጄፍሪስ የሚባል ሳይንቲስት የዲኤንኤ አሻራን፣ ማለትም ሰውን በሰውነቱ ውስጥ ባለው የዘር መረጃ የመለየት ዘዴን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1984 ሌስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ብዙም ሳይቆይ እዚያው አካባቢ ሁለት ልጃገረዶች በተገደሉበት ጉዳይ ሥራ ላይ ዋለ። ፖሊስ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ይዞ ነበር። አንደኛውን ግድያ እኔ ነኝ ብሎ አምኗል። ዲኤንኤው ግን እሱ አለመሆኑን አሳየ። እውነተኛው ገዳይ በኋላ ተይዞ እ.ኤ.አ. በ1988 ተፈረደበት። ልጆቼ ይህን ሲሰሙ «የኛ እኩያ?» አሉ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም።

ወላጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አውቶብሱ አንድ ስለነበር 80 ልጆች ቀርተዋል። በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት እነሱም እንዲሄዱ የትራንስፖርቱን ወጪ አግዙን። ከመካከላችሁ ላብራቶሪ ወይም ምርመራ ላይ የምትሠሩ ካላችሁ ደግሞ አንድ ከሰዓት ስጡንና ልጆቹን አነጋግሩልን።

ያቺ ተማሪ ያነሳችው አሻራ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አለ። የአራቱም ተጠርጣሪዎች ካርድ ከጎኑ ነው። ማጉያ መነጽርም አስቀምጠናል። ስትወጡ ጎንበስ ብላችሁ እዩት።

አመሰግናለሁ።