ነቅቼ ነበር እኮ

እሺ... ቀይዋ በርታለች፣ እየቀዳ ነው። ሰላም ናችሁ። ድምፄ ከጎረነነ ብርዱ ነው፣ የደብረ ብርሃንን ጥቅምት ታውቁታላችሁ። ያ የምታውቁት ዶሮ ቢጮህም ዛሬ አላቋርጥም፣ ካቋረጥኩ አልጨርሰውም።

ስለ ባናዋ ልጅ ነው፣ ያቺ የሱፍ ብርድ ልብስ ለብሳ የመጣችው ታካሚ። ባለፈው ጀምሬ የተውኩት።

የሆስፒታሉንም ስም ቀኑንም አልጠራም፣ እሷን የሚያሳውቅ ነገርም ቀያይሬዋለሁ። ከመንዝ በኩል በአምቡላንስ መጣች፣ ጣርማበር ላይ ጉሙ ይዟቸው ሹፌሩ በሰው እርምጃ ነው የነዳሁት ብሎናል። 22 ወይ 23 ቢሆናት ነው። ቢፒዋ፣ የደም ግፊቷ ማለት ነው፣ ወርዶ 80 በ50፣ የልብ ምቷ 130፣ ከንፈሯ ነጭ፣ ሆዷ ገና ሲነካ የሚያሳቅቃት። ሽንቷ ሲመረመር እርግዝና አለ፣ አልትራሳውንዱ ደግሞ ሆዷ ውስጥ ደም አሳየ። ከማህፀን ውጪ እርግዝና ነው፣ የማህፀን ቱቦው ፈንድቷል። ይሄ ነገር ጊዜ አይሰጥም፣ ደም ያለ ድምፅ ወደ ውስጥ ነው የሚፈሰው። ኦአር፣ የኦፕሬሽን ክፍሉ፣ እየተዘጋጀ፣ አንዱ ደም ፍለጋ እየሮጠ፣ ዶክተሩ "ሲስተር ቶሎ አስፈርሚ" አለኝ፣ የኦፕሬሽኑን የስምምነት ፎርም ማለቱ ነው።

እና እኔ ምን አልኩ? "አስታማሚ የታለ?" አልኩ።

እዚች ጋ ነው ሁሌ የምቆመው። ልጅቷ ከፊቴ ናት። ስሟን ጠይቄያት ነግራኛለች፣ የት እንደሚያማት በጣቷ አሳይታኛለች፣ ዓይኗ ክፍት ነው። ወንድሟ ከአልጋው ማዶ ቆሟል፣ ከዘራውን ይዞ፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ። "ወንድሜ፣ ምኗ ነህ?" "ወንድሟ።" እስክሪብቶውን ዘረጋሁለት። በሷ ላይ አሳልፌ፣ እንዲህ፣ ክንዴ ከደረቷ በላይ ነው። ደሞ "ለምኑ ነው የምፈርመው?" አለኝ፣ ልክ ነው መጠየቁ፣ እኔም "እርግዝናው ከማህፀን ውጪ ሆኖ ነው፣ ካልተከፈተች ትሞታለች" አልኩት።

እሱ እርግዝና የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ማንም አያውቅም ነበር።

ባናዋን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ አድርጋ ፊቷ ላይ ሳበችው። ያ ወፍራሙ የመንዝ ባና፣ ጥቁሩ፣ የበግ ጠጉርና የጭስ ሽታ ያለው። አያቴ ቤት እንደዛው ዓይነት ነበር፣ ክረምት ክረምት አራት ሆነን ከስሩ እንገባ ነበር፣ ይከብዳል ግን ሲሞቅ... እና አሁን ያ ሽታ ሲመጣብኝ አያቴ አይደለችም የምትታየኝ።

ዳነች። እሱን ልንገራችሁ፣ ተሰርታ ዳነች። ወንድሟ በዛው ማታ ሄደ፣ አልተመለሰም። በሁለተኛው ቀን ግሉኮስ ልቀይርላት ስጠጋ "ሲስተር፣ እኔ እኮ ነቅቼ ነበር" አለችኝ። ቁጣ የለውም። ብቻ ነገረችኝ።

ሕጉን አላውቅም እንዳልል አውቃለሁ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ሰው ምርመራም ሕክምናም አልፈልግም የማለት መብት አለው ይላል፣ እምቢ የሚባል ነገር ካለ እሺታውም የራሱ የሰውዬው ነው ማለት ነው። 299/2006 የሚባለው የጤና ቁጥጥር ደንብም ታካሚው ተነግሮት ተስማምቶ ነው ያለው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ደግሞ የሙያ ምስጢር ነው፣ ነርስን ስሟን ጠርቶ ያስገባታል። ራሷን ስታ የመጣች ብትሆን ማንንም ሳንጠብቅ እንሰራታለን፣ ድንገተኛ ማለት ይሄ ነው። 18 የሞላት የነቃች ሰው ግን ራሷ ናት የምትፈርመው፣ መጻፍ ካልቻለች አሻራ አለ፣ የማኅተሙ ቀለም መሳቢያው ውስጥ ነበር እኮ! አሥር ሰከንድ። "እህቴ፣ ሆድሽ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው፣ ካልተሰራሽ ትሞቻለሽ፣ ትስማሚያለሽ?" ይሄው፣ አለቀ።

የወንድሟ ፊርማ ለማን ነው ታዲያ? ለኛ ነው። ብትሞትብን ነገ ቤተሰብ መጥቶ ማን ፈቀደላችሁ እንዳይለን። እንደዛ ነው የለመድነው፣ እኔም ስቀጠር እንደዛ ነው ያሳዩኝ።

ግን ደሞ... እማዬ ለሐሞት ጠጠሯ ስትሰራ እኔ ነኝ የፈረምኩት። ነቅታ፣ እያየችኝ። ሐኪሙ ሊያስረዳት ሲል "ለልጄ ንገራት፣ እሷ ካወቀች ይበቃል" አለች፣ ደስ ብሏት። በኛ አገር ሰው ብቻውን አይታመምም፣ ዘመድ ነው አብሮ የሚወስነው፣ እሱን መጥፎ ነው ማለት አልችልም። ግን እማዬ እኔን መርጣ ነው። ልጅቷን ማን ጠየቃት? ምናልባት ብጠይቃት ኖሮ እሱ ይፈርም ትል ነበር... አይ። አይመስለኝም። ባናውን እንደዛ አትስበውም ነበር።

ስፌቷን ለማስወጣት አልመጣችም። ባናው ዋርድ ቀርቷል፣ ፅዳቷ አጥባ አጣጥፋ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣዋለች፣ ማንም አይነካውም። ወንድሟ ምን አላት፣ ቤት ተመልሳ ገብታ ይሆን፣ ስልኳ ካርዷ ላይ አለ ግን ብደውል ማን ሊያነሳው ነው፣ ደሞ ሌላ ጣጣ...

አሁን የማኅተሙን ቀለም ኪሴ ነው የምይዘው። ማክሰኞ ለታ ታዲያ አንዲት ልጅ ትርፍ አንጀት ሆና መጣች፣ አባቷ አጠገቧ ቆመዋል፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ የተከበሩ ሰው። ፎርሙን አነሳሁና እጄ... እጄ ወደሳቸው ሄዷል። ሳየው ወደሳቸው ነው የተዘረጋው። መለስኩት፣ እሷም ፈረመች፣ ግን እሳቸው እንዴት እንዳዩኝ፣ እና ደሞ እሷ መጀመሪያ እሳቸውን ነው ያየችው፣ ከዛ ነው የፈረመችው፣ እና እሱስ እሺታ...

ይኸው ዶሮው። እሺ፣ በቃ... ቆይ ላጥፋው።