ክብሪቱን ማን ከሣጥኑ ጨመረው?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዶሮውን ሰማችሁት? አዎ፣ ፋሲካንም ተሻግሯል። ባለቤቴ ለእንቁጣጣሽ አይቀርለትም ይላል፤ ባለፈውም እንዲሁ ብሎ ነበር።

ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራችሁ ነበር። ይቆየን። ነርስ ሆኜ በምሠራበት ትምህርት ቤት፣ በሰልፉ ላይ የሆነው ነገር ከሐሳቤ አልወጣም።

ሰንደቅ ዓላማው እየተሰቀለ፣ ልጆቹ እየዘመሩ ሳለ ከአራተኛ ክፍሎች መካከል አንድ ልጅ ተዘረረ። መጀመሪያ ሰውነቱ ድርቅ አለ፤ ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከፊት የቆሙት ስላላዩ መዝሙሩን እስከ መጨረሻው ዘመሩት። እኔን የሚረብሸኝ ደግሞ እሱ ነው፣ መዝሙሩ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ስደርስ አንዱ መምህር ክንዱን ጠፍሮ ይዞታል፣ ሌላው «ማንኪያ! ማንኪያ!» ይላል፣ አንዷ መምህርት ክብሪት ጭራ ከአፍንጫው ሥር ይዛለች። «እፍ በይው!» አልኋት። ጭሱ አያነቃውም፤ ትንፋሹን ያውከዋል እንጂ። ማንኪያውም ጥርስ ይሰብራል። የሚጥል በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚለቀው በራሱ ጊዜ ነው። ዘበኛችን ጋሼ ብቻ ምንም ሳይሉ ጋቢያቸውን አጥፈው ከራሱ ሥር አደረጉለት። ሥልጠና የወሰዱት መምህራኑ ናቸው እንግዲህ! በጎኑ አስተኛሁትና ሰዓቴን ማየት ቀጠልሁ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል ነው። የአምቡላንሱ 907 ግድግዳችን ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ከሥሩ ግን የባጃጅ ነጂውን ስልክ ጨምሬበታለሁ። ደብረ ማርቆስን የሚያውቅ ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ደግነቱ አንዱም አላስፈለገ።

ክብሪቱ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ከመጀመሪያ ርዳታ መስጫ ሣጥኑ! ከፋሻውና ከጓንቱ ሥር፣ እርጥበት እንዳይነካው በፌስታል ተጠቅልሎ። ተናድጄ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ያስቀመጠው ሰው እንዲህ ያለ ቀን እንደሚመጣ አስቦ፣ በሚያውቀው ተዘጋጅቷል። እኔ የማወቅ መብት ያለኝ ሰው ደግሞ ምን ነበረኝ? የልጁ መመዝገቢያ ቅጽ። «የጤና ችግር ካለ ይጠቀስ» ይላል። መልሱ «የለም»።

እናቱ ከሰዓት በኋላ መጡ። ልጁ ለዚሁ ሕመም ማታ ማታ ፌኖባርቢታል የሚባል መድኃኒት ይወስዳል፤ መድኃኒቱ አልቆ ነበር። ድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ብሶ እንደሚመለስ ነገርኋቸው። ቅጹንም አሳየኋቸው። አላፈሩም። «ሲስተር፣ ብነግርዎ ኖሮ ልጄ አጠገብ ማን ይቀመጥ ነበር?» አሉኝ።

ምስጢር እንጠብቃለን፣ በሽታው በአረፋ አይጋባም፣ ሁሉንም አልሁ። ልጁ ሲመለስ ሦስት ልጆች የሚይዘው ዴስክ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። ወላጆች ናቸው አሉ አትቅረቡት ያሏቸው።

አሁን የሚጥል በሽታና አስም ያለባቸውን ልጆች ዝርዝር ላዘጋጅ ነው። ግን የት ላስቀምጠው? ግድግዳ ላይ ከለጠፍሁት ሴትዮዋ ልክ ነበሩ ማለት ነው። ከቆለፍሁበት፣ እኔ በሌለሁበት ቀን ማን ያየዋል? የአስሙን መንፊያ አስታውሱ፤ ተቆልፎበት ቁልፉ በሰው ኪስ ገበያ ሄዶ የነበረ ጊዜ። ቢያንስ የክፍል ኃላፊዎቹ ይወቁ ብዬ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ማንኪያ የጠራው የዚያው ልጅ የክፍል ኃላፊ መሆኑ ትዝ አለኝ።

ጥያቄውን ብቻ ልቀይረው ይሆን? «በሽታ አለው ወይ» ከማለት «ማታ የሚወስደው መድኃኒት አለ ወይ» ቢባል... እሱም ቢሆን የምትደብቅ እናት ትደብቃለች። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን... ቆይ፣ በሩ እየተንኳኳ ነው።